ከማባረር በፊት ቁልፍ መከልከል ይቅደም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

«የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ሁሉ የአልኮልና የዕፅ ምርመራ ይደረግለት፣ የተገኘበት በማግስቱ ይሰናበት» የሚለውን ጽሑፍ ጋዜጣችሁ ላይ አነበብኩ። የጸሐፊው ንዴት ይገባኛል። የቆሻሻ መኪና በጠባብ መንገድ ወደ ኋላ ሲነዳ ከኋላው ሕፃን ሊኖር ይችላል። መሪውን የያዘው ሰው ሞቅ ብሎት እንዲነዳ ማን ይፈልጋል? እኔም የምሠራው እዚያው ነው። የማዘጋጃ ቤት ጋራዥ የስምሪት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ቁልፍ የምሰጠው፣ ማታ የምረከበው እኔ ነኝ። እናም በመስኮቴ የማየው ነገር ጽሑፉ ላይ ካነበብኩት ትንሽ ይለያል።

እየተንገዳገደ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው። እሱን ዘበኛውም ይለየዋል። የሚያስቸግረኝ ማታ ጠጥቶ፣ ተኝቶ፣ ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ የሚመጣው ነው። «እኔ እኮ ዛሬ አልቀመስኩም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ግን ጉበት አይቸኩልም። 10 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ለማስወገድ በግምት አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። አንድ ጠርሙስ ቢራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ አለው። እኩለ ሌሊት ድረስ ሲጠጣ ያመሸ ሰው ጎሕ ሲቀድ ገና አልጠራም። ቡናም ቀዝቃዛ ሻወርም ያነቃው እንደሆነ እንጂ ደሙ ውስጥ ያለውን አልኮል አይቀንሱለትም።

መድኃኒትም አለ። አንድ ሾፌር ጉንፋን ይዞት ክሎርፌኒራሚን ሲውጥ ሰነበተ። ሰውየው መጠጥ የሚባል አያውቅም። ጠዋት ቆሜ ሳናግረው ዓይኑ እየተከደነ ነበር። የትንፋሽ መመርመሪያ ቢነፋ ዜሮ ነው የሚያሳየው። እንደ ዲያዜፓም (ማረጋጊያ) እና ትራማዶል (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ያሉ እንቅልፍ የሚያመጡ መድኃኒቶችንም ሐኪም አዝዞላቸው የሚወስዱ አሉ። ግማሾቹ አይናገሩም፤ ምክንያቱም ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ «ዕፅ ትጠቀማለህ?» ብቻ ነው። ማን «አዎ» ብሎ ይጽፋል?

ስለ ምርመራው ራሱም ልበል። የትንፋሽ መመርመሪያ አሁን ስላለው አልኮል ይናገራል፤ ይጠቅማል። የሽንት ምርመራ ግን ሌላ ነገር ነው። ካናቢስ ከቀናት በኋላም ሽንት ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ አዘውትሮ ለሚጠቀም ደግሞ ለሳምንታት። ምርመራው ሰውየው ቅዳሜ ያደረገውን ይነግረኝ ይሆናል። ሰኞ ጠዋት ግሬደር ላይ መውጣት ይችላል ወይ ለሚለው ግን መልስ የለውም። ለቅርብ ሰዓታት የምራቅ ምርመራ ይሻላል።

ድካምንም ማንም አይመረምረውም። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚወርድ አሳይቷል። ሌሊቱን የፈነዳ ቧንቧ ሲጠግን ያደረውን ሾፌር ግን አመስግነን ጠዋት ሌላ ስምሪት እንሰጠዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «የተገኘበት ይሰናበት» የሚል ሕግ ሲወጣ መጠጡ አይቆምም፣ ወሬው ነው የሚቆመው። የባልደረባን እንጀራ መንጠቅ የሚፈልግ የለም። እኛ ጋ አንድ የሎደር ኦፕሬተር ነበር፤ ጎበዝ ባለሙያ። ጠዋት ጠዋት እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ረዳቱ አየ። ዝም አለ፣ ቀስ በቀስም ማንሻውን ራሱ ይይዝለት ጀመር። ረዳቱ መንጃ ፈቃድ የለውም! አንዱን ከመባረር ለማዳን ሌላ አደጋ ጨመሩበት ማለት ነው። ነገሩ ሲወጣ አለቃው ጠርቶት «ከዛሬ ጀምሮ ብታቆም አቁም፣ አለዚያ ደብዳቤህን ውሰድ» አለው። ሰውየው ቃሉን አከበረና በአንዴ አቆመ። በማግስቱ ጋራዡ ግቢ ውስጥ አንቀጥቅጦት ወደቀ።

ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። ማቆም ያለበት በሐኪም ክትትል ነው። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ስለዚህ ጉዳይ የሥራ ቦታ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። የአልኮልና የዕፅ ችግር እንደ ማንኛውም የጤና ችግር ይታይ፣ ምስጢሩ ይጠበቅ ይላል። ይህን የሰው ሀብት ክፍላችን ያነበበው አይመስለኝም። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፈው ግን የክልከላ መስመር የተሠመረበት ጠርሙስ ሥዕል ነው።

እኔ የምፈልገው ቀላል ነገር ነው። አንድ ሰው ለመንዳት ብቁ ካልመሰለኝ ለዕለቱ ቁልፍ የመከልከል ሥልጣን ይሰጠኝ። መዝገቡ ላይ «ዛሬ አልተሰማራም» ተብሎ ይጻፍ፣ ምክንያት አይጻፍ። ሰክሯል፣ አሟል፣ አልተኛም የሚለውን መለየት የእኔ ሥራ አይደለም፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕለቱን ግቢ ውስጥ ቀላል ሥራ ይሥራ፣ ደመወዙም አይቆረጥ። ጠጥቶ ከሆነ ደግሞ «ሂድ ቤትህ» ብሎ የራሱን ሞተር ሳይክል አስነስቶ እንዲሄድ መልቀቅ ጤነኛ አሠራር አይደለም። ሰው ያድርሰው። ነገሩ ከተደጋገመ ወደ ክሊኒክ ይላክ። ሕክምናውን እምቢ ያለ፣ ወይም ቁልፍ ተከልክሎ በጓሮ በር መኪና ያወጣ፣ እሱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይጠብቀው። እዚያ ላይ ከጽሑፉ ጸሐፊ ጋር አንጣላም።

የኮንትራት ሠራተኞችም ይካተቱ። በሞተር መጋዝ ዛፍ የሚቆርጡልን እነሱ ናቸው፤ ማዘጋጃ ቤታችን በዚህ ጉዳይ ላይ ሊያጸድቀው ያዘጋጀው ረቂቅ ደንብ ግን የሚናገረው ስለ ቋሚ ሠራተኛ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ደንቡ የተጻፈው ለሾፌርና ለቀን ሠራተኛ ይመስላል። ስብሰባ ተብሎ ምሳ ላይ ብርጭቆ ሲያነሱ ውለው ከሰዓት የግንባታ መወጣጫ ሊፈትሹ የሚሄዱ መሐንዲሶችና ኃላፊዎች አሉ። የመሥሪያ ቤቱን መኪና የሚነዱትም ራሳቸው ናቸው። ኃላፊዬ ሞቅ ብሎት መስኮቴ ላይ ቆሞ «ቁልፍ አምጣ» ቢለኝ እምቢ የምልበት አንቀጽ የለም። እምቢ ብዬ በማግስቱ ወደ ሌላ ክፍል ብዛወር የሚከላከልልኝም የለም። የሕግ ክፍሉ ደንቡ ከመጽደቁ በፊት ይህችን አንቀጽ ይጨምርልን።

ስሜ እንዳይወጣ እጠይቃለሁ።
አንድ የስምሪት ክፍል ሠራተኛ