የእንግሊዝኛ ክበብ ዘገባ፦ ዓመቱን ሙሉ ከ«ቴክ» ጋር

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ ዘንድሮ የሠራው በአንድ ግስ ላይ ብቻ ነው፤ በ«ቴክ»። አባላቱ መጀመሪያ ሲነገራቸው «ወሰደ ማለት አይደል እንዴ? ምኑ ነው ዓመት የሚፈጀው?» አሉ። እዚያው ጥያቄያቸው ውስጥ ያለው «የሚፈጀው» ራሱ በእንግሊዝኛ «ቴክ» ነው፤ ሥራውም ከዚያች ቃል ተጀመረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ያለቀ ደብተር ሽፋን 10 በ7 ሴንቲ ሜትር እየሆነ ይቆረጣል። እያንዳንዱ አባል በሳምንት ሦስት ካርድ ያመጣል፤ በፊቱ ከመማሪያ መጽሐፍ ወይም ከሬዲዮ የለቀመውን ዓረፍተ ነገር፣ በጀርባው አማርኛውን ይጽፋል። አማርኛው ግን ቤት ውስጥ የሚነገረው እንጂ መዝገበ ቃላት የሚለው እንዳይሆን ሕግ ወጣ። እናም ፎቶ ይነሳል፣ ታክሲ ይያዛል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ትኩሳት ይለካል፣ ስብሰባ ይካሄዳል፣ 2 ከ9 ይቀነሳል፣ ልጅቷም እናቷን ትመስላለች። እንግሊዝኛው ለዚህ ሁሉ የሚያቀርበው ያንኑ «ቴክ»ን ነው።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርዶቹ የተደረደሩት በአማርኛ ትርጉማቸው ነበር። ይህ አላስኬደም። «ማንሳት፣ መነሳት» የተባለው ፖስታ ውስጥ ፎቶውም አውሮፕላኑም አብረው ገቡ፤ የሁለቱ ሰዋስው ግን አይገናኝም። ፎቶ የሚያነሳው «ቴክ» ተሳቢ ይፈልጋል፤ አውሮፕላኑ ተሳቢ የለውም፣ «ኦፍ» የምትባለዋን ካላስከተለ ደግሞ ከመሬት አይነሳም። ስለዚህ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሁሉም ካርድ ተበትኖ ከግሱ ቀጥሎ በሚመጣው ቃል እንደገና ተደረደረ፦ ጊዜ፣ መጓጓዣ፣ መድኃኒት፣ ከዚያም «ኦፍ»፣ «አፕ»፣ «ኦቨር»፣ «አፍተር»። «ቴክ» ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን ከኋላው የሚከተለው ነውና።

ከስህተቶቹ ሁሉ ተደጋግሞ የመጣው የጊዜው ነው። «አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል» ለማለት «ቴክስ ሚ ዋን አወር» ተብሎ ይጻፋል፤ «ኢት» ይቀራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአማርኛው ባለቤት «ይፈጅብኛል» መጀመሪያ ላይ ባለችው «ይ» ውስጥ ተሸሽጓል፣ «ብኝ» ደግሞ የ«ሚ»ን ሥራ ይሠራል። እንግሊዝኛ ባለቤቱን ውጭ አውጥቶ ካላቆመው አይሆንለትም። ሰሌዳው ላይ «ይ» በቀይ ጠመኔ ተከባ ቀስቷ ወደ «ኢት» ሲሰመርላት ስህተቱ ቀነሰ።

ሁለተኛው የተውላጠ ስም ቦታ ነው። «ጫማህን አውልቅ» ሲባል «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ»ም «ቴክ ዩር ሹዝ ኦፍ»ም ያስኬዳል። ጫማው ወደ «ዜም» ሲቀየር ግን መካከል መግባት አለበት፤ «ቴክ ዜም ኦፍ» እንጂ «ቴክ ኦፍ ዜም» አይባልም። «እናቷን ትመስላለች» የሚባልበት «ቴክ አፍተር» በተቃራኒው መካከሉ ምንም አያስገባም። ሦስተኛው ከእኛው ነው የመጣው፤ «እንቅልፍ ወሰደኝ» ተብሎ «ስሊፕ ቱክ ሚ» የተጻፈባቸው ካርዶች ነበሩ። ለግጥም ያምራል፤ የሚባለው ግን «አይ ፌል አስሊፕ» ነው። የኃላፊ ጊዜው «ቱክ» ብዙ አላስቸገረም፤ ከ«ሃቭ» በኋላ «ቴክን» እንደሚሆን፣ «ሼክ፣ ሹክ፣ ሼክን»ም በዚያው መንገድ እንደሚሄድ ማስታወስ ይበቃል። ቤት የሚመታው «ሜክ» ግን ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም።

የቃሉ አመጣጥ አባላቱን ከምንም በላይ ያስገረመ ክፍል ነው። «ቴክ» ለእንግሊዝኛ መጤ ነው። ጥንታዊው እንግሊዝኛ «ኒማን» ይል ነበር፤ የጀርመንኛው «ኔመን» ወንድሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ866 የእንግሊዟን ከተማ ዮርክን የያዙት ቫይኪንጎች፣ የስካንዲኔቪያ ባሕረኞች፣ ሰሜንና ምሥራቅ እንግሊዝ ሲሰፍሩ «ታካ» የሚለውን ግሳቸውን ይዘው መጡ፤ ቃሉም በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ባለቤቱን ከቤቱ አስወጣው። ከ«ኒማን» የቀሩት «ኒምብል» የሚለው ቅልጥፍናን የሚገልጽ ቃልና ለደነዘዘ እጅ የሚነገረው «ነም» ናቸው። የ«ነም» መነሻው የተያዘ ማለት ነው፤ እኛም እኮ ብርድ ያዘኝ እንላለን። ከተማው ሁሉ ይቅርታ የሚጠይቅበት «ሚስቴክ»ም የእነዚያው ሰዎች ነው፤ «ሚስታካ» በቀጥታ ሲፈታ ተሳስቶ መውሰድ ነው። ምግብ ቤት ሄደን «ቴክ አዌይ አድርጉልኝ» ስንል የምንናገረው እንግሊዝኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ለአማርኛ መምህራን አንድ ነገር እንጠቁም። «ፈተና ወሰደ»፣ «እርምጃ ወሰደ» የሚሉት አነጋገሮች የ«ቴክ» ጠረን አላቸው። ሁለተኛው ሥር ሰዷል፣ አይነቀልም። የመጀመሪያው ግን «ተፈተነ» እያለ ለምን ያስፈልጋል?

ካርዶቹ በፖስታ በፖስታቸው ሆነው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በካርቶን ተቀምጠዋል። ለከርሞ የተመረጠው ግስ «ጌት» ነው፤ እሱም ከቫይኪንጎቹ የመጣ ነው። አንድ ካርድ ብቻ ፖስታ አላገኘም፦ «ቴክ ፎር ግራንትድ»። «እንደ ቀላል ማየት» ተባለ፣ አልሞላም፤ «ሁሌም የሚኖር አድርጎ ማሰብ» ተባለ፣ ረዘመ። ጀርባው እስካሁን ባዶ ነው።