ጌሙን ከቁማሩ ለዩልን፦ ለደሴ ከተማ ወጣቶችና ስፖርት መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ወጣቶችና ስፖርት መምሪያ
ደሴ

ጉዳዩ፦ በሞባይል ጌም ውድድሮች ላይ ስለሚደረገው ውርርድ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በከተማችን በስልክ የሚጫወቱት የፐብጂ ወይም የሞባይል ሌጀንድስ ጌም ውድድር ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ ዳኛው እኔ ነኝ። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ያሉትን ጌም ቤቶች አውቃቸዋለሁ። ሲጠሩኝ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻም እዳኛለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሰሞኑን ወላጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ «ጌም ቤት ይዘጋልን» የሚል ሐሳብ ስለሚነሳ ነው። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ልጅ የደብተር መግዣ ይዞ ወጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ማን ዝም ይላል? ግን ብሩን የበላው ጌሙ አይደለም። ጌሙ ላይ የተያዘው ውርርድ ነው። ሁለቱን ሳንለይ ጌም ቤቱን ብንዘጋ ልጆቹ መዋያ ያጣሉ፤ ቁማሩ ግን ኪሳቸው ውስጥ ባለው ስልክ ይቀጥላል።

ጨዋታው ራሱ ዛሬ ትልቅ ስፖርት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2023 በቻይና ሃንግዡ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች የሞባይል ጌሞች ሜዳሊያ የሚሰጥባቸው ውድድሮች ነበሩ። በ2024 ደግሞ በሪያድ የኢስፖርት፣ ማለትም የጌም ውድድር፣ የዓለም ዋንጫ ተካሂዷል፤ የሞባይል ሌጀንድስና የፐብጂ ሞባይል ቡድኖችም ተሳትፈዋል። ሞባይል ሌጀንድስ አምስት ለአምስት የሚደረግ ግጥሚያ ነው። በትልልቆቹ የፐብጂ ውድድሮች 16 ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው አራት ተጫዋች ይዘው፣ አንድ ማፕ (የጨዋታ ሜዳ) ላይ ይወርዳሉ። መጨረሻ ላይ የቀረው ቡድን 10 ነጥብ ያገኛል፤ በየኪሉ፣ ማለትም ባላንጣ በተገደለ ቁጥር፣ ደግሞ አንድ ነጥብ ይጨመራል። ማሰብ፣ መነጋገር፣ ተባብሮ መሥራት ይጠይቃል። ጥሩ ቡድን ሲጫወት ያየ ሰው ልጆቹን ሰነፍ አይላቸውም።

አወራራጆቹ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። እንደ እግር ኳሱ ማን ያሸንፋል ብቻ አይደለም የሚባለው። መጀመሪያ ማን ይገደላል፣ የመጀመሪያውን ታወር (የባላንጣን ግንብ) ማን ያፈርሳል፣ ስንት ኪል ይመዘገባል፣ ግጥሚያው ከስንት ደቂቃ በላይ ይሄዳል እያሉ ለእያንዳንዱ ኦድ ያወጣሉ፤ ኦድ ማለት ውርርዱ ከገባ የተያዘው ብር በስንት ተባዝቶ እንደሚከፈል የሚያሳይ ቁጥር ነው። ልጁም ቲኬት ይቆርጣል።

ኦዱ ውስጥ ያለውን ነገር ማንም ስለማያስረዳቸው እኔ በጌም ቤት ጥቁር ሰሌዳ ላይ አስልቼ አሳያለሁ። ሁለት እኩል አቅም ያላቸው ቡድኖች ይገጥማሉ እንበል። የማሸነፍ ዕድላቸው ሃምሳ ሃምሳ ነው። ኦዱ ትክክል ቢሆን ለሁለቱም 2.00 መሆን ነበረበት። አወራራጁ ግን 1.85 ይሰጣል። በ100 ብር ስትቆርጥ በአማካይ የሚመለስልህ 92 ብር ከ50 ነው። ቀሪው የአወራራጁ ነው። ልጆቹ ደግሞ አንድ ግጥሚያ ብቻ ቆርጠው አያቆሙም፤ በአንድ ቲኬት አምስት ይደረድራሉ፤ አንዱ ካልገባ ሁሉም ይጠፋል። አምስቱ ሲባዛ ኦዱ 21.67 ይሆናል። በ100 ብር 2,167 ብር! ልብ ያስደነግጣል። ነገር ግን አምስቱም የመግባታቸው ዕድል ከ32 አንድ ነው። ስለዚህ ከ100 ብሩ በአማካይ የሚመለሰው 68 ብር እንኳ አይሞላም። በደረደሩ ቁጥር የአወራራጁ ድርሻ እየወፈረ ይሄዳል። «በአንድ ጨዋታ ተቃጠለብኝ» የሚለው ልጅ ለማሸነፍ ጫፍ የደረሰ ይመስለዋል። ያው ሒሳቡ እንደተጠበቀው ሠርቶ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የትልልቅ ውድድሮች ስርጭት ሆን ተብሎ በደቂቃዎች ይዘገያል። ምክንያቱም ስርጭቱ ወዲያው ቢተላለፍ ቡድኖቹ የባላንጣቸውን ቦታ ሊያዩ ይችላሉ። እንግዲህ እዚህ ደሴ ቁጭ ብሎ በላይቭ፣ ጨዋታው እየተካሄደ፣ የሚቆርጠው ልጅ የሚያየው ያለፈውን ነው። በሌላ ወገን ያለው አወራራጅ መረጃውን በቀጥታ ከጨዋታው የሚቀበል ከሆነ ልጁ «አሁን ነው» ብሎ ሲነሳ ኦዱ ቀድሞ ተቀይሯል። እኩል ውርርድ አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን ከከተማችን ውጭ ያለው ነው። የበለጠ የሚያሳስበኝ እዚሁ የሚሆነው ነው።

የእኛ ውድድር እንዲህ ይካሄዳል። አዘጋጁ በቴሌግራም ማስታወቂያ ያወጣል። እያንዳንዱ ተጫዋች መመዝገቢያ ብር በቴሌብር ይልካል። ሰዓቱ ሲደርስ የሩሙ (ጌሙ ውስጥ ለውድድሩ የተከፈተው ክፍል) ቁጥርና የይለፍ ቃል ይላካል። አሸናፊው ከተሰበሰበው ሽልማት ይወስዳል፣ አዘጋጁ ድርሻውን ያስቀራል። እስከዚህ ድረስ ክፋት የለውም። ግን አዘጋጁ ማን እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም። ብሩን ሰብስቦ ቻናሉን አጥፍቶ የሄደም አለ። ውጤቱን በስክሪንሹት ብቻ የሚያጸድቅም አለ፤ ስክሪንሹት ደግሞ በደቂቃ ይቀየራል። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግጥሚያው ይደገም አይደገም የሚል ደንብ ስለሌለ ጠቡ እስከ ድብድብ ይደርሳል።

ከዚያ የተመልካቹ ውርርድ አለ። አንዱ ጥግ ላይ ደብተር ይዞ ይቀመጣል። ስም፣ ቡድን፣ የተያዘ ብር ይጽፋል። ብር የሌለው በጌሞቹ ውስጥ እንደ ገንዘብ በሚያገለግሉት በዩሲ ወይም በዳይመንድ ያሲዛል፤ ያም ቢሆን በብር የተገዛ ነው። በአወራራጅ ቤቶች በር ላይ 21 ዓመት ያልሞላው እንደማይገባ ተጽፏል። ደብተሩ ዘንድ ግን ዕድሜ አይጠየቅም።

ባለፈው ክረምት የዳኘሁትን ልንገራችሁ። በጨዋታው ጎበዝ ነው የሚባል የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነበር። በሦስተኛው ማፕ ላይ ገና ከመውረዱ ወደ ተኩሱ መሐል ሮጦ ገባና ሞተ። ቡድኑ ግን አራተኛ ወጣ። ማንም አልጠረጠረም። በኋላ ለብቻው አናገርኩት። «ጋሼ፣ ቀድመህ ሙት ብለው 300 ብር ሰጡኝ፤ ቡድኔ እንዲሸነፍ አላደረግኩም እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ግጥሚያውን አልሸጠም። ግን ደብተሩ ላይ «ቀድሞ የሚሞተው ማን ነው» የሚል ውርርድ ተይዞ ነበር። ለትንንሽ ነገር ውርርድ ሲኖር አንድን ልጅ ለመግዛት ትንሽ ብር ይበቃል። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ውድድር ላይ አልመጣም። ጎበዝ ተጫዋች ነበር፤ አሁንም ይቆጨኛል።

የውርርድ ፈቃድ የሚሰጠው ሌላ መሥሪያ ቤት እንጂ እናንተ እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። ውድድሩ ግን የወጣትና የስፖርት ጉዳይ ነው፣ የእናንተ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው በእጃችሁ ያለውን ነው። የሞባይል ጌም ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው መጀመሪያ እናንተ ዘንድ ይመዝገብ፤ ስሙና ስልኩ ይታወቅ። ሽልማቱን ከውድድሩ በፊት ለታመነ ሦስተኛ ወገን ያስረክብ። ውጤት ከሩሙ መዝገብ ላይ ዳኛ እያየ ይጻፍ፤ በስክሪንሹት ብቻ አይጽደቅ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ አንድ ገጽ ደንብ ይውጣ። ደንቡን ለመጻፍ እኔና ሌሎች ዳኞች ያለ ክፍያ እንሠራለን።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች በሚጫወቱበት ውድድር ላይ ማንኛውም ውርርድ እንዳይያዝ በግልጽ ይከልከል። ደብተር የሚይዝ ሰው የተገኘበት ጌም ቤት ለተወሰነ ጊዜ ውድድር አያስተናግድ። ንጹሑን ቤት ግን አትንኩት። በየጌም ቤቱ ልጆቹን እንደ ልጆቻቸው የሚቆጣጠሩ፣ ፈተና ሲደርስ «ሂዱ አጥኑ» ብለው የሚያባርሩ ባለቤቶች አሉ።

በወጣት ማዕከላችንም ያለ መመዝገቢያ ብር አንድ የከተማ ውድድር ብታዘጋጁ ደስ ይለናል። የኮምቦልቻ ልጆችም ይጋበዙ። ሽልማቱ ዋንጫና የስፖርት ትጥቅ ቢሆን ይበቃል። በዕለቱ የሒሳብ መምህር ተጋብዞ ያንን የ1.85 ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ቢሠራላቸው ደግሞ እንዴት ጥሩ ነበር።

ቀጠሮ ብትሰጡኝ የውድድር መዝገቦቼንና የደንቡን ረቂቅ ይዤ እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሞባይል ጌም ውድድሮች ዳኛ፣ ደሴ