የአፍንጫውን ጥላ ፈልጊ

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው «ሲኒማቶግራፊው ጉድ ነው የተባለለትን ፊልም አየሁት፤ ምስሉ ያምራል፤ ከማማሩ ሌላ ግን ምኑ እንደሚደነቅ አልገባኝም» ብለሽኝ ነበር። በስልክ የሚመለስ ጥያቄ ስላልመሰለኝ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ማማሩን ተይው። ፀሐይ ስትጠልቅ ተራራ ላይ ካሜራ የደገነ ሁሉ የሚያምር ነገር ይዞ ይመለሳል፤ የግድግዳ ካላንደርም ያምራል። የሲኒማቶግራፈር፣ ማለትም የፊልሙን ብርሃንና ካሜራ የሚመራው ባለሙያ፣ ሙያው የሚለካው ምስሉ ለታሪኩ በሠራለት ሥራ ነው። አንዳንዴ ሥራው መደበቅ ነው። ጎርደን ዊሊስ በ1972 የወጣውን «ዘ ጎድፋዘር» ሲቀርጽ መብራቱን የማፊያውን አለቃ ሆኖ ከሚጫወተው ከማርሎን ብራንዶ አናት በላይ አደረገውና የሰውዬው ዓይኖች ጥላ ውስጥ ገቡ። የተዋናይ ዓይን ፍንትው ብሎ መታየት አለበት በሚባልበት ሆሊውድ ይህ ድፍረት ነበር። ውጤቱን ግን ተመልከቺ፤ ሰውዬው ምን እያሰበ እንደሆነ ከፊቱ ማንበብ አንችልም። ውለታ ሊለምን ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው የሚሰማው ፍርሃት ለእኛም ይደርሰናል።

ስለዚህ ከብርሃን ጀምሪ። የተዋናዩን የአፍንጫ ጥላ ፈልጊ። ጥላው ወደ ቀኝ ከወደቀ ዋናው መብራት በግራ ነው፤ ወደ ከንፈሩ ከወረደ ከላይ ነው። ቀጥሎ የጨለመውን የፊቱን ጎን ተመልከቺ። እዚያ ውስጥ ዓይኑና ጉንጩ ይለያሉ ወይስ ጨለማው ውጧቸዋል? ጥላውን የሚያለዝብ ሁለተኛ መብራት መኖር አለመኖሩን የምታውቂው ከዚያ ነው። ፀጉሩና ትከሻው ጠርዝ ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ካየሽ ከኋላውም መብራት አለ ማለት ነው፤ ሰውዬው ከጀርባው ካለው ጨለማ ጋር እንዳይቀላቀል ተብሎ የተደረገ ነው። ቀለሙንም አትለፊው። የቆየው ባለ ክር (ተንግስተን) የስቱዲዮ አምፖል በብርሃን ቀለም መለኪያ 3200 ኬልቪን ገደማ፣ የቀን ብርሃን ደግሞ 5600 ኬልቪን ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው ወደ ብርቱካንማ፣ ሁለተኛው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ክፍሉ ብርቱካንማ፣ በመስኮቱ የሚታየው ደጅ ሰማያዊ ሲሆን፣ አንድ ሰው ልዩነቱን ማጥፋት እየቻለ ሆን ብሎ ትቶታል።

ብርሃን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማየት ከፈለግሽ በ1975 የወጣውን «ባሪ ሊንደን» ፈልገሽ እዪ። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክና ሲኒማቶግራፈሩ ጆን አልኮት በሻማ የሚበሩትን ትዕይንቶች ለመቅረጽ የጀርመኑ ሌንስ ሠሪ ዛይስ ለአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ለናሳ የሠራውን ኤፍ 0.7 ሌንስ ተጠቀሙ። እንዲህ ዓይነት ሌንስ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ እጅግ ሰፊ ስለሆነ በደብዛዛ ብርሃንም ያያል። ዕዳው ደግሞ ፎከሱ ነው፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ስፍራ በጣም ስለሚሳሳ ተዋናዩ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ካለ ይደበዝዛል። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች ብዙም ሳይንቀሳቀሱ ይቀመጣሉ። እኔን የሚገርመኝ ያ እርጋታ ለታሪኩ መስማማቱ ነው፤ የሌንሱ ችግር የገጸ ባሕርያቱ ወግና ሥርዓት ሆኖ ቁጭ አለ።

ስለ ሌንስ ሲወራ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይዛባል። በስልክሽ ሞክሪው። ጓደኛሽን አቁመሽ፣ በጣም ቀርበሽ፣ ፊቷ ፍሬሙን እስኪሞላ አንሺያት። ከዚያ ራቅ በዪና ፊቷ ያንኑ ያህል እስኪሆን ዙም አድርገሽ ድገሚው። በመጀመሪያው አፍንጫዋ ይገዝፋል፣ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ይሸሻል። በሁለተኛው ፊቷ ጠፍጠፍ ይላል፣ ግድግዳው ጀርባዋ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ይህን ያመጣው ሌንሱ ነው ይሉሻል፤ ያመጣው ርቀቱ ነው። ሌንሱ የሚወስነው ከቆምሽበት ቦታ ከሚታየው ምን ያህሉ ፍሬም ውስጥ እንደሚገባ ነው። እንግዲህ የተዋናይ ፊት ባየሽ ቁጥር ካሜራው ምን ያህል ርቆ እንደቆመ ገምቺ። አጠገቡ ነን ወይስ ከሩቅ እያደባን?

ስለ ካሜራ እንቅስቃሴ ብዙ አልልሽም። ሲንቀሳቀስ ምን አዲስ ነገር እንዳሳየሽ ጠይቂ፤ መልስ ካጣሽለት ጌጥ ነው። በድሮን ከሰማይ የሚነሱ ከተሞች በበኩሌ ሰልችተውኛል።

ደግሞ ፊልሙን አበላሽተሽ አትዪው። አብዛኛው ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። ብዙ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች በመሃል የራሳቸውን ፍሬም እየፈጠሩ እንቅስቃሴውን ያለሰልሱታል፤ ያኔ ታላቅ ፊልም እንደ ስፖርት ስርጭት ይመስላል። ከማስተካከያው ውስጥ ገብተሽ አጥፊው። ከላይና ከታች ያለው ጥቁር መስመር ቢያናድድሽም ምስሉን ለጥጠሽ ስክሪኑን አትሙዪ፤ ሲኒማቶግራፈሩ ቀኑን ሙሉ የለፋበትን ጠርዝ ትቆርጪበታለሽ። የክፍልሽንም መብራት አጥፊ።

የመጀመሪያውን ጊዜ ምንም ሳትመረምሪ፣ እንደ ማንኛውም ተመልካች እዪው። ልብሽን የነካውን አንድ ትዕይንት ያዢና በማግስቱ ድምፁን አጥፍተሽ እሱን ብቻ ደጋግሚው። ብዙ ፊልም ከማሳደድ አንድ ትዕይንት ማኘክ ይሻላል ባይ ነኝ። ካሜራ ለመግዛትም አትቸኩዪ።

ከየትኛው ልጀምር ካልሽኝ፣ ግሬግ ቶላንድ ከቀረጸው ከ1941ዱ «ሲቲዝን ኬን» አንዱን ትዕይንት እሰጥሻለሁ። ልጁ ደጅ በበረዶ ይጫወታል። ካሜራው በመስኮቱ በኩል ወደ ኋላ እያፈገፈገ ቤት ውስጥ ይገባል፤ እናትየው ልጇን ለባንክ ሰው አሳልፋ የምትሰጥበትን ወረቀት ልትፈርም ትቀመጣለች። እሷ ከፊት፣ አባትየው መሃል ላይ ቆሞ እየተቃወመ፣ ልጁ በመስኮቱ ውስጥ እንደ ነጥብ አንሶ፤ ሁሉም ጥርት ብለው ይታያሉ። ለዚህ ሰፊ አንግል ያለው ሌንስ፣ የጠበበ ቀዳዳና ብዙ መብራት ያስፈልጋል። ጥቅሙ ግን ማንን እንደምናይ የሚያዘን አለመኖሩ ነው። ዕጣው ሲወሰን ልጁ አልሰማም፤ እኛ ደግሞ ከሁለቱም ዓይናችንን መንቀል አንችልም። ወላጅ ሆኖ ለሚያየው ከባድ ነው።

ይህን ትዕይንት ድምፁን አጥፍተሽ እዪልኝ። ካሜራው ቤት ከገባ በኋላ ምስሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆረጠው የት ላይ እንደሆነ፣ ከተቆረጠ በኋላስ ካሜራው የት ሄዶ እንደቆመ ፈልጊና ለምን እዚያ ይመስልሻል የሚለውን ጻፊልኝ። እኔ የራሴ መልስ አለኝ፤ ያንቺን ሳላነብ ግን አልነግርሽም።

አባትሽ