ከሴኡል፣ ለጠፋሁብሽ እህቴ

እህትዬ፣ እንዴት ነሽ? እማማስ ደህና ናቸው?

መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ሰበብ አልደረድርም። መጨረሻ የላክሽልኝ የፒያሳን ፎቶ ነበር፤ ግማሹ ፈርሶ፣ ግማሹ አቧራ ውስጥ ቆሞ። ምን ብዬ እንደምመልስልሽ ጠፋኝና ስልኩን አስቀመጥኩት። ከዚያ ቀን ቀንን ወለደና ይኸው። አሁንም መልስ አግኝቼ አይደለም የምጽፍልሽ። ሰሞኑን አንድ ቤተ መንግሥት አይቼ፣ ከአንቺ ሌላ የማወራው ሰው አጥቼ ነው።

ስሙ ግዮንግቦክጉንግ ይባላል። ሴኡል መሐል፣ ቡጋክ ከሚባል ተራራ ሥር ነው ያለው። በፈረንጅ 1395 ኮሪያን ይገዛ የነበረው የጆሶን ሥርወ መንግሥት መሥራች ንጉሥ ቴጆ አሠራው። መግቢያው 3,000 ዎን ነው፤ ሃንቦክ የሚባለውን የአገሩን ባህል ልብስ ለለበሰ ግን ነፃ። ስለዚህ በዙሪያው ሃንቦክ አከራይ በሽ ነው። ኪራዩ ከመግቢያው በብዙ ይበልጣል፤ ግን ማን ሒሳብ ይሠራል! እኔም ተከራየሁ። ፎቶውን ለማንም እንዳታሳዪ።

ከዙፋኑ አዳራሽ ፊት ለፊት በድንጋይ የተነጠፈ ሰፊ ግቢ አለ። ግቢው ላይ አጫጭር የድንጋይ ምልክቶች በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ከአንደኛ እስከ ዘጠነኛ ማዕረግ ተቀርጾባቸዋል። ሹማምንቱ በየማዕረጋቸው ይሰለፉ ነበር፤ በምሥራቅ በኩል የጽሕፈትና የአስተዳደር ሰዎች፣ በምዕራብ የጦሩ። በእኛ ቤተ መንግሥት ግብር ላይ ማን ከማን በላይ ይቀመጥ እንደነበር ስታስተምሪ ልጆቹ ይስቃሉ ብለሽኝ አልነበር? እዚህ ነገሩን በድንጋይ ዘግተውታል።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። እንጨቱ አዲስ ነው። ቀለሙ፣ አረንጓዴውና ቀዩ፣ ትናንት የተቀባ ይመስላል። ታሪኩን ሳነብ ለካ ይህ ግቢ ያልደረሰበት ጉድ የለም። በ1592 ጃፓኖች አገሪቱን ሲወሩ ተቃጠለ። ከዚያ ወደ 270 ዓመት ገደማ ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ። በ1860ዎቹ የንጉሥ ጎጆንግ አባት፣ ለልጁ እንደራሴ ሆኖ ሲገዛ፣ እንደገና አሠራው። ጃፓን በ1910 ኮሪያን ስትጠቀልል ደግሞ አብዛኛው ፈረሰ። ይባስ ብለው ከዙፋኑ አዳራሽ ፊት ለፊት ግዙፍ የቅኝ ገዢ መሥሪያ ቤት ገነቡ፤ በ1926 ተጠናቀቀ። ቤተ መንግሥቱ ከከተማው ተጋረደ ማለት ነው።

ያ ሕንፃ ከነፃነት በኋላም ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ነበር፤ በመጨረሻ ብሔራዊ ሙዚየም ሆኖ አገልግሏል። ነፃ የወጡበት 50ኛ ዓመት ሲከበር፣ ነሐሴ 1995 በፈረንጅ፣ የጉልላቱን ጫፍ ቆርጠው አወረዱት፤ በዓመቱ ሁሉም ፈረሰ። ጫፉ አሁን ጨናን በሚባል ከተማ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ ጎብኚ ቁልቁል እንዲያየው። ቂም እንዲህ ታስቦበት ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም።

እኔ ብሆን አላፈርሰውም ነበር። ይህንን ላቦራቶሪ ውስጥ አብራኝ ለምትሠራ ኮሪያዊት ልጅ ነገርኳት። «ጣሊያን የንጉሣችሁን አዳራሽ ጋርዶ ሕንፃ ቢሠራ ታስቀምጡት ነበር?» አለችኝ። ፒያሳን አሰብኩ። ስሙን ያወጣው ጣሊያን ነው፤ እኛ ግን የራሳችን አድርገነው፣ ሲፈርስ አንጀታችን አረረ። ይህንን ለእሷ እንዴት ብዬ ላስረዳት? እነሱ የሚያውቁትን ትተው የማያውቁትን፣ አያቶቻቸው እንኳ በደንብ ያላዩትን ግቢ፣ ከ1990 ጀምሮ እየመለሱ ነው። ዋናው በር በእንጨት ተሠርቶ የተከፈተው በ2010 ነው። መጀመሪያ «የውሸት ነው» ብዬ ነበር። አሁን እንደዚያ ለማለት አፌ አይደፍርም፤ ግን ሙሉ በሙሉም አላመንኩበትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በግቢው ሰሜን ጥግ ገንቾንግጉንግ የሚባል ትንሽ ገለልተኛ መኖሪያ አለ። በ1887 የአገሪቱ የመጀመሪያ የኤሌክትሪክ መብራት የበራው እዚያ ነው። በ1895 ጥቅምት ወር ደግሞ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ጃፓኖች ሰብረው ገብተው ንግሥት ሚንን እዚያው ገደሏት። ሬሳዋን አቃጠሉት። ጥፋቷ ሩሲያን ተደግፋ ጃፓንን ለመገዳደር መሞከሯ ነበር። ባሏ ጎጆንግ በየካቲት 1896 የቤተ መንግሥት ሴት አገልጋዮች በሚጓዙበት የሸክም ወንበር ውስጥ ተደብቆ፣ ልጁን ይዞ ወደ ሩሲያ ሌጋሲዮን (ኤምባሲ እንደማለት ነው) አመለጠ።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ቀየርኩት። ንግሥቲቱ የተገደለችው በመስከረም 1888 ነው። የክተት አዋጁ ወር! እቴጌ ጣይቱ ጦራቸውን የሚያሰናዱበት ሰሞን። ንጉሡ በሴቶቹ የሸክም ወንበር ካመለጠ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ዓድዋ ሆነ። ሁለት እቴጌዎች፣ ሁለት ወራሪዎች፣ አንድ ዓመት። ትምህርት ቤት ዓድዋን ስንማር ማንም ይህን አጠገቡ አላስቀመጠልንም። ለመኩራራት እንዳይመስልሽ፤ እዚያ ግቢ ቆሜ የተሰማኝ ኩራት አልነበረም። ለጥቂት መትረፋችን ነው የታየኝ። የመቀሌው ውሃ ባይያዝ፣ አንዱ ራስ ባይመጣ፣ ብቻ ምን ልበልሽ።

እንግዲህ የታሪክ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ፣ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ከዓድዋ በኋላ ወደ ምኒልክ ግቢ የመጡት ሩሲያውያን የኮሪያን ወሬ ይዘው መጥተው ይሆን? እቴጌ ስለ ንግሥት ሚን ሰምተው ይሆን? ያንን ዘመን ከሚያገላብጡት ባልደረቦችሽ አንዱን ጠይቂልኝ።

የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ ያለበትን ቹንቾንን ገና አላየሁም፤ እሱ የራሱን ደብዳቤ ይፈልጋል። ከፒያሳ የተረፈውን ደግሞ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ አሁን እመልስልሻለሁ። ለእማማ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ በርበሬ አደራ፤ ሽሮም ቢሆን አልጠላም።

ጓደኛሽ