የኮምፒውተር ክበባችን ዓመት፦ ወንበር ስቦ መቀመጥ

በዓመቱ የመጀመሪያ ስብሰባ አባላቱን «ዘንድሮ ምን መሥራት ትፈልጋላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ጌም ያሉ ነበሩ። የቻት አፕ ያሉም ነበሩ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን እጇን አውጥታ አቤቱታ አሰማች። «ቲቸር፣ ትናንት መጽሐፍ ልመልስ ተሰልፌ እረፍቱ አለቀ። ደወል ሲደወል መጽሐፉን እንደያዝኩ ወደ ክፍል ገባሁ።» ልጆቹ ሳቁ። እኔ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። የክበባችን የዓመቱ ትልቁ ሥራ ከዚያ ተነሳ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጅቷ የመጽሐፍ መዋሻና መመለሻ ፕሮግራም ይዛ መጣች። ያምራል። መግቢያ ገጽ አለው፣ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ቁልፎቹ ሰማያዊ ናቸው። ሄደን ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አሳየናቸው። መነጽራቸውን አደረጉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ልጄ፣ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ተጥሎ ባገኘውስ? ማን እንደወሰደው በምን አውቃለሁ?» ፕሮግራሙ የሚፈልገው በተማሪ ስም ብቻ ነበር። ልጅቷ ዝም አለች።

ላፕቶፑን ዝጊው አልኳት። ለአንድ ሳምንት በየእረፍቱ ከእሳቸው ጎን ወንበር ስበሽ ተቀመጪ፤ የምታዪውን ብቻ ጻፊ፤ አንድ መስመር ኮድ እንዳትነኪ። አኮረፈች። ግን ሄዳ ተቀመጠች።

ያኔ የጻፈችው ማስታወሻ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሰልፉን የሚያረዝመው መጻፉ ሳይሆን መፈለጉ ነው ይላል። መጽሐፍ ሲወጣ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ይጻፋል፣ አለቀ። ሲመለስ ግን ያቺን መስመር ለማግኘት ገጽ በገጽ ወደ ኋላ ማገላበጥ አለ። ሌላም ነገር አይታለች። ኃላፊዋ በመዝገቡ ዳር በእርሳስ ትንንሽ ምልክት ያደርጋሉ። ክብ ውስጥ የገባች «ተ» መጽሐፉ ተቀዷል ማለት ናት። ጥጉ የታጠፈ ገጽ ቀኑ ያለፈበት መጽሐፍ አለው ማለት ነው። ይህ ሁሉ በየትኛውም ዓምድ ውስጥ የለም፤ እሳቸው ጋ ብቻ ነው ያለው። ጎናቸው ያልተቀመጠ ሰው ከየት ያመጣዋል?

ሁለተኛውን ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፈችው። መረጃው የሚቀመጠው በኤስኪውላይት ነው። ኤስኪውላይት በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ሰርቨር (ለብቻው የሚሠራ አገልጋይ ፕሮግራም) የማይፈልግ ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ማስቀመጫ ሲሆን መረጃውን በሙሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ይይዛል። ለአንድ ጠረጴዛና ለአንድ ኮምፒውተር ይበቃል።

መጀመሪያ ያስቸገራት «መጽሐፍ» የሚለው ቃል ነበር። አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ አምስት ቅጂ ቢኖረው አንዱ በወጣ ቁጥር ፕሮግራሙ «የለም» ይላል። አራቱ መደርደሪያው ላይ ተቀምጠው ማለት ነው። ስለዚህ ርዕሱን ለብቻ፣ ቅጂውን ለብቻ አድርጋ ለያየች። ተማሪው የሚፈልገው ርዕሱን ነው፤ ይዞ የሚሄደው ግን ቅጂውን ነው። «ተውሷል» የሚል፣ ምልክት የሚደረግበት ሣጥንም አላስቀመጠችም። የመለሰበት ቀን ባዶ ከሆነ መጽሐፉ ውጭ ነው። ባዶ ሆኖ ቀነ ገደቡ ካለፈ ዘግይቷል። ኃላፊዋ የሚያጠፉትና የሚያበሩት ምንም ነገር ስለሌለ የሚረሱትም ነገር የለም። የእርሳሷ «ተ» ደግሞ የራሷን ቦታ አግኝታለች፤ ቅጂው ሲጠራ ከጎኑ ትወጣለች።

እኔን በጣም ደስ ያሰኘኝ ግን የስሞቹ ጉዳይ ነው። ኃላፊዋ «ሀይሉ» ብለው ሲፈልጉ ፕሮግራሙ የለም አለ። ልጁ «ኃይሉ» ተብሎ ነው የተመዘገበው። «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ «ዓለም»ን «አለም» የሚልም አለ። ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሦስት ፊደሎች ናቸው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተር መለኪያ) ሥሪት 3.0 ሲካተት እያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር አግኝቷል። አግባብም ነው፤ የሚያስቸግረው ፍለጋው ላይ ነው።

አንዱ አባል «ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል ቀይረሽ አስገቢያቸው» አላት። እምቢ አለች። «ስሙ የባለቤቱ ነው፤ እሱ እንደጻፈው ነው መታየት ያለበት» አለች። ከእያንዳንዱ ስም ጀርባ የማይታይ ሁለተኛ ስም አስቀመጠች። እዚያ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየራሉ። ሃ ከሀ፣ ዓም ከአ ጋር ይሄዳል። የሚፈለገው በድብቁ ነው፤ የሚታየው ግን ባለቤቱ የጻፈው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ይህንን ማሰቧ አሁንም ያስደንቀኛል።

መጻሕፍቱን በአይኤስቢኤን፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ስንመዘግብም አንድ ነገር ሆነ። ቁጥሩ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ 13 አሃዝ ነው። የመጨረሻዋ አሃዝ መፈተሻ ናት። አሃዞቹን በየተራ በ1 እና በ3 እያባዛህ ስትደምር ድምሩ ለ10 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። አንድ አሃዝ ብትሳሳት ወዲያው ይያዛል። ልጅቷ ኮዱን ጽፋ ስታሳየን አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከኋላ «1 እና 6 ጎን ለጎን ሆነው ቢገላበጡስ?» አለ። ሞከርነው። አልያዘውም! በመካከላቸው የ5 ልዩነት ያላቸው ጎረቤት አሃዞች ቢቀያየሩ ድምሩ ልክ በ10 ነው የሚለወጠው፤ ፈተናውን ያልፋሉ። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ ከፊት ወንበር ተነስቶ አያውቅም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጉድ ፈላ። የኮምፒውተሩ ሀርድ ዲስክ ተበላሸ። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ነበረን፤ ግን የተቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ ነበር። ይህንን መጠየቅ የኔ ድርሻ ነው፤ አልጠየቅኩም። ያዳኑን ኃላፊዋ ናቸው። «እኔ ወረቀቴን አልተውም» ብለው ሁሉንም በመዝገቡም ሲጽፉ ነበር የከረሙት። ኮምፒውተሩ ከተሠራ በኋላ ሦስት ከሰዓት ቁጭ ብለን ከመዝገቡ መልሰን አስገባን። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። አሁን በየቀኑ መዝጊያ ላይ ፋይሉ ወደ ሁለት ፍላሽ ይገለበጣል፤ አንዱ ፍላሽ ሌላ ክፍል ነው የሚያድረው።

የአዳራሹን ተራ ማስያዣም ሠርታለች። ሁለት ክበባት በአንድ ሰዓት አዳራሹ በር ላይ መገናኘታቸው ቀርቷል። ሕጉ አንድ መስመር ነው፦ አንዱ ሌላው ሳያልቅ ከጀመረ፣ ሌላውም አንዱ ሳያልቅ ከጀመረ ይጋጫሉ። ሁለት የ10ኛ ክፍል አባላት ደግሞ የሒሳብ መለማመጃ ጌም ሠርተው በወላጆች ቀን አቅርበዋል።

አንድ ያልተሠራ ሥራም አለ። የ10ኛ ክፍል አለቃ ለጽዳት ተራ አፕ ይሠራልን ብሎ መጣ። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ሁለት ቀን ክፍላቸው ተቀመጠች። ተመልሳ «ቲቸር፣ አፕ አያስፈልጋቸውም» አለችኝ። ተራው ተጽፏል፤ የተለጠፈው ግን በሩ ሲከፈት ከሚሸፍነው ግድግዳ ላይ ነው። ወረቀቱን ነቅለው ሰሌዳው አጠገብ ለጠፉት። ለኔ የዓመቱ ምርጥ ሥራዋ ይሄ ነው።

የሚቀጥለው ዓመት 12ኛ ክፍል ስለሆነች ለክበቡ ጊዜ አይኖራትም። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት የአሠራር መመሪያ በመጻፍ አሳለፈች። ተረካቢው ያ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። በመጨረሻው ስብሰባችን መመሪያውን ሰጥተነው ፕሮግራሙን ባዶ ኮምፒውተር ላይ እንዲጭን አደረግን። እሷ ከጎኑ እንድትቀመጥ ተፈቅዶላታል፤ መናገር ግን አይቻልም። ሦስት ደረጃ በሰላም ሄደ። አራተኛው ላይ ቆመ። ስክሪኑን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ከዚያ ወረቀቱን ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደች፣ እስክሪብቶዋን አወጣች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል አንድ መስመር ጨምራ መለሰችለት።