ተራራውን ያለበሰው ችግኝ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ከሐረጎ ግርጌ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል፣ ስላሉት ተራሮች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ሁለተኛ ያነበብኩት የተሳሳትኩ መስሎኝ ነው። ሦስተኛ ደግሞ ለወንድሜ ጮክ ብዬ ሳነብለት፣ መሃል ላይ «በቃ ተይው፣ ቡናው ቀዘቀዘ» አለኝ።

ስለ ጽሑፉ ሁሉ ልከራከር አልመጣሁም። ያናደደኝ የፎቶው መግለጫ ነው። ከትልቁ ፎቶ ሥር «በችግኝ ተከላ የለማው ተራራ» ይላል። አራት ቃል ነው። እኔ የምስማማው በመጨረሻው ብቻ ነው። አዎ፣ ተራራ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ከዚያ ተራራ ሥር ነው። አሁን ኮምቦልቻ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። እናቴና ወንድሞቼ ግን እዚያው ናቸው፤ የቅሬ መዋጮዬንም የምከፍለው እዚያው ነው። ስለዚህ ፎቶውን ሳየው ዛፎቹን በመልክ አውቃቸዋለሁ። የሚያብረቀርቀው ክትክታ ነው። በመሃሉ ጠቆር ብሎ ብቅ ብቅ ያለው ወይራ ነው። አሁን እናንተን ልጠይቅ፦ ክትክታ አፍልቶ የሚያከፋፍል የችግኝ ጣቢያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ክትክታ ማንም ሳይተክለው የሚመጣ ዛፍ ነው። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሬቱ እንዲያርፍለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብት ከተራራው ሲወጣ መጀመሪያ ሣር ይመጣል። ሣሩ አፈሩን ይይዛል። ቀጥሎ ክትክታውና ሌላው ቁጥቋጦ ይነሳል። ወፎች እላዩ ያርፋሉ፤ ሌላ ቦታ የበሉትን የወይራ ፍሬ እዚያ ይጥሉታል። የወይራው ቡቃያ ከቁጥቋጦው ጥላ ሥር፣ ከፀሐይም ከፍየልም ተደብቆ ቀስ ብሎ ያድጋል። ዓመታት ይፈጃል። የአንድ ቀን ዘመቻ የለበትም፣ ቲሸርት የለበትም፣ ሪቫን የሚቆርጥ እንግዳ የለበትም። ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ዜና የማይሆነው።

ታዲያ ከብቱን ከተራራው ያወጣው ማን ነው? ዘገባችሁ ውስጥ መልሱ የለም። ዘጋቢያችሁ ሦስት ባለሙያ አነጋግሮ አንድ የሰፈር ሰው ሳያነጋግር ሄዷል።

ያወጣው ቅሬው ነው። ለማያውቅ አንባቢ፣ ቅሬ ሌላ አገር ዕድር የሚሉት ነው። እኛ ዘንድ ግን ሬሳ ቀብሮ አይበተንም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው፤ የተጣላ ይታረቅበታል፣ የታመመ ይጠየቅበታል። አባቴ የቅሬው ዳኛ ነበር። ተራራው ሲከለል ደንቡ የወጣው እኛ ቤት ደጃፍ፣ ቡና ተፈልቶ ነው። ከብቱ የገባበት ይቀጣል። ሁለተኛ ከገባበት ቅጣቱ ይጨምራል። ቅጣቱን አልከፍልም ያለ ከቅሬው ይወጣል። ከቅሬ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የወሎ ሰው ያውቀዋል፤ ስትሞት የሚቀብርህ የለም ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ የደን ሕግ ያለው አገር ካለ ንገሩኝ።

ሣሩ በልቅ አይጋጥም። ታጭዶ ይወሰዳል፤ ክረምቱ ሲወጣ በዕጣ ይከፋፈላል። ጠባቂው ደመወዙ ከየቤቱ የሚዋጣ አንድ አንድ ቁና ማሽላ ነው። የዝናብ እጥረት ሲሆን እሱም ይቀንሳል። ጠባቂው ሽማግሌ ግን ከሥራቸው ቀርተው አያውቁም። እኚህን ሰው እመለስባቸዋለሁ።

«እናንተስ ዛፍ ቆርጣችሁ አታውቁም?» የሚል ይኖራል። እናውቃለን እንጂ! ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ወላጆቻችን ተራራውን እርከን ሠርተውበታል፣ ዛፍ ተክለውበታል። ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር የሚሰፈርላቸው። የተተከለው ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ነበር። ይህ እንግዲህ በእውነት «በችግኝ ተከላ የለማ» ተራራ ነበር። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ምን ሆነ? በመጥረቢያ ወረድንበት። በወሎ ብዙ ተራራ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አንድ ግንድ ከወንድሜ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘን ጎትተናል። አላፍርበትም፣ አልኮራበትምም። ዛፉን የተከሉት የኛ ሰዎች ነበሩ፤ ግን «የማን ነው?» ሲባል «የመንግሥት» ነበር መልሱ። መንግሥት ሲሄድ ዛፉም ባለቤት አልባ ሆነ።

በዚያ ሁሉ መጥረቢያ መሃል ያልተነካ ነበር። መስጊዱ ዙሪያ ያለው ወይራ አልተነካም። የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ አልተነካም። የመቃብሩ ዛፍ ቅርንጫፉ አልተሰበረም። ጥበቃ አልነበረበትም፤ ባለቤት ግን ነበረው። አባቴ ደንቡን ሲያወጣ ያየው ይህንን ነው። «ተራራውን እንደ መቃብሩ እናድርገው» ነበር ያለው።

ዘጋቢያችሁ ይህንን ቢጠይቅ ዘገባው ምን ያህል ባማረ! እሱ ግን ወደ መጨረሻው ላይ «ማገዶ የሚለቅሙ ሴቶች ለደኑ መመናመን ምክንያት መሆናቸውን» ጽፎ አለፈ። እዚህ ጋ ነው ወንድሜ ቡናውን ያስታወሰኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! እናቴ እኛን ያሳደገችው ጭራሮ ተሸክማ ኮምቦልቻ ድረስ ወርዳ እየሸጠች ነው። ደረቁን ከእርጥቡ በእጇ ነክታ ታውቃለች። እርጥብ ወይራ ለከሰል ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚደርሱበትም እነዚሁ ሴቶች ናቸው፤ በየቀኑ እዚያ ያሉት እነሱ ናቸውና። ለመሆኑ ያ ከሰል የት ነው የሚነደው? ጭራሮ ለቃሚዋ ቤት ነው? ከተማ ነው። እዚህ ነው። የኔም ሱቅ ጓሮ አንድ ጆንያ አለ፣ አልደብቅም።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ መብራት ጠፋ። ከከተማ የሸሸው ሁሉ ገጠር ዘመዱ ጋ ተጠጋ፤ እኔም ከልጆቼ ጋር እናቴ ቤት ገባሁ። ማገዶ ያስፈልጋል፣ ዱቄት በስንት መከራ ተገኝቶ የሚጋገርበት የለም። ያኔ ተራራው ቢራቆት ማን ይፈርድብናል? ከዚያ ጭንቅ መሃል ቅሬው ተሰበሰበ። ደረቅ ብቻ ይለቀም፣ እርጥብ አይነካ፣ ለእያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ሸክም፣ እንግዳ ላለበት ቤት ሁለት። እኛ ቤት ሁለት ደረሰን። ዘገባችሁ «ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል» ብሎ ይደመድማል። ደግ ነው፣ ይፈጠርልን።

የሕጉን ነገር በአጭሩ ልበል። የደን አዋጁ፣ ቁጥር 1065/2010፣ የማኅበረሰብ ደን የሚባል የባለቤትነት ዓይነት አለው። ከግል፣ ከማኅበርና ከመንግሥት ደን ጎን ተቀምጧል። ቅሬያችን ይህንን ሰምቶ ተራራው በስማችን ይመዝገብልን ብሎ አመለከተ። ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። «ደብዳቤ አምጡ» አሉን። አመጣን። «ካርታ ይለካ» አሉ። የሚለካው ሰው ስብሰባ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደብዳቤው ጠፍቷል ተባልን። ወንድሜ አንድ ሙሉ ፋይል ፎቶ ኮፒ አለው፤ ከተራራው ይልቅ እሱ ወረቀት በልቷል። ለዘመቻ የሚመጣ መኪና ግን ተራራው ጠፍቶት አያውቅም።

ችግኝ ተከላ ይቅር እያልኩ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኔም ልጆቼን ይዤ ወጥቼ ተክያለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ፕላስቲኩን ሳያወልቅ ነው ጉድጓድ ውስጥ የከተተው። ስነግረው «ቁጥሩ ነው ዋናው» ብሎኝ ሳቀ። የተተከለን መቁጠር ቀላል ነው፤ ሐምሌ ላይ ሁሉም ያብባል። የካቲት ላይ፣ ፀሐዩ ሲከርር፣ ፍየሉ ሲርበው፣ ተራራው ላይ የሚገኘው ማን ነው? ያንን ሰው ነው መግለጫችሁ የሰረዘው።

ተራራው ባዶ በነበረ ጊዜ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርድ ነበር። ቦርከናም የተሰጠውን ይዞ ኮምቦልቻ ላይ ያራግፋል። ዛሬ ከእናቴ ቤት በላይ ያለችው ምንጭ በጋውን ሙሉ አትደርቅም። ዘጋቢያችሁ ቢጠይቅ ከሷ ይጠጣ ነበር።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። መግለጫውን አርሙ። «ነዋሪዎች ከልክለው ያቆዩት ተራራ» በሉት። ይህም አራት ቃል ነው፤ ቦታ አያጣብብም።

ጠባቂውን እመለስባቸዋለሁ ብዬ ነበር። ዘጋቢያችሁ ፎቶ ሲያነሳ አጠገቡ ቆመው ነበር። ቡና ጠጡ ብለዋቸው «እንቸኩላለን» ተብለዋል። ባለፈው እሑድ ለቅሬ ስሄድ አገኘኋቸው። «ጋዜጣው ላይ ወጣሁ ወይ?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን በጣቴ አሰፋሁት፤ በግራ በኩል፣ ታች ጥጉ ላይ፣ የጋቢ ጫፍና አንድ እግር አለ።

«በረባሶዎ ወጥቷል» አልኳቸው።

አንዲት አንባቢያችሁ፣
ከኮምቦልቻ