ኅዳር ሚካኤል ሲያልፍ ና

አዳማ፣ መስከረም 21

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እማማ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቤተሰቡም ደህና ነው።

በቴሌግራም የላክህልኝን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። መጀመሪያ ድምፅህ ናፍቆኝ ነው። ሁለተኛው የምትለውን ለመስማት ነው። ሦስተኛው ግን ልጅህ ከኋላ ሆኖ «አዋሽ ዓሣ አለው?» ሲል ስለሰማሁ ነው። አለው በለው። እንዴት የለውም!

መልሱን እኔም በድምፅ ልልክልህ ጀምሬ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀዳሁ፣ ሁለት ጊዜ አጠፋሁ። እንደሱ ተብሎ የሚያልቅ ነገር አልሆነም። ስለዚህ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ዕዳዬን ልናገር። አባትህ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። ታምሜ ነበር፣ ይህ እውነት ነው። ግን ከዳንኩ በኋላ አርባቸው ነበር፣ ሙት ዓመታቸው ነበር። ሐዋሳ ደግሞ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ጠዋት ብነሳ ምሳ ሰዓት ላይ እደርስ ነበር። ምን ብዬ ፊትህ እንደምቆም እያሰብኩ ቆየሁ። ስቆይ ደግሞ ይበልጥ አፈርኩ። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። ይቅር በለኝ ወንድሜ። ጋሼ ለእኔም አባት ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። «ልጁን ይዤ መቼ ልምጣ? ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚይዘው?» ነው ያልከኝ። ደስ ያለኝ የምመልሰው ስላለኝ ነው። አንተ ከሄድክ ጀምሮ ደብተር ይዣለሁ። አዋሽ በወረድኩ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውኃውን መልክ፣ ነፋሱን፣ ምን እንደያዝኩ እጽፋለሁ። ባዶ እጄን የተመለስኩበትንም እጽፋለሁ፣ እሱ ይበዛል። አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ነኝ።

ሐይቅ ዳር ስለምትኖር አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ሐይቁ ትናንት በተውከው መልክ ነው የሚጠብቅህ። ማለዳ አሞራ ገደል ብትወርድ ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ይመጣሉ። አዋሽ ግን በአንድ ሌሊት ሌላ ወንዝ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ ሰዓት ከመጠየቅህ በፊት ውኃውን ማየት አለብህ።

ጋሼ «ክንድህን ስጠው» ይሉን የነበረውን ታስታውሳለህ? የካፖርታቸውን እጅጌ ጠቅልለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ክንዳቸውን እስከ ክርኑ ውኃው ውስጥ ይከቱ ነበር። ከዚያ ዝም ብለው ጣቶቻቸውን ያያሉ። ያኔ የሚጸልዩ ይመስለኝ ነበር። አሁን እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። ጥፍሬ ጥርት ብሎ ከታየኝ ውኃው ከመጠን በላይ ጠርቷል ማለት ነው። ዓሣው እኔን ቀድሞ ያየኛል። ቀጭን ገመድ እይዛለሁ፣ ከሸምበቆው ኋላ እደበቃለሁ። አንጓዬ እየታየ ጣቶቼ ከደበዘዙ የፈለግኩት ይህ ነው። ውኃው ስስ ሻይ ይመስላል። እጄ ገና ከመግባቱ ከጠፋ፣ ማለትም ውኃው ማኪያቶ ከመሰለ፣ ለቆሮሶና ለቢልጫ ዓሣ አልለፋም። ያኔ ተስፋ ያለው አምባዛ ብቻ ነው። እሱ የሚበላውን በጢሙ እየዳሰሰና እያሸተተ ስለሚያገኝ ጭቃው አያስቸግረውም። የዶሮ አንጀት መሬት ላይ አስተኝተህ ትጠብቀዋለህ።

ሁለተኛው ነገር የውኃው መጠን ነው። ይህን ጋሼ በልምድ ያውቁት ነበር፣ እኛ ግን ልጆች ስለነበርን ልብ አላልነውም። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተጠናቀቀ ወዲህ ከግድቡ በታች ያለው አዋሽ የሚሞላው በዝናብ ብቻ አይደለም። ከላይ ሲለቀቅ ይሞላል፣ ሲቀነስ ይጎድላል። ሰማዩ አንድ ደመና ሳይኖረው የቆምክበት ጠጠር ሊሸፈን ይችላል። ለዚህ ነው «ዛሬ ዝናብ የለም፣ ውኃው ጥሩ ነው» የሚለውን ሰው የማላምነው።

እኔ እንደደረስኩ በውኃው ጠርዝ ላይ አንድ ቀጭን እንጨት እተክላለሁ። ግማሽ ሰዓት አጠምድና ተመልሼ አየዋለሁ። ውኃው ካለበት ካልተነቃነቀ ጥሩ ነው። ቀስ ብሎ አንድ ጣት ያህል ከጨመረ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ደረቅ የነበረው ዳር ሲርስ ትሉም፣ ጉንዳኑም፣ አንበጣውም ውኃ ውስጥ ይገባል። ዓሣው ይህን ፍለጋ ወደ ዳር ይጠጋል። መንጠቆህን ሩቅ መወርወር አያስፈልግህም፣ እግርህ ሥር ነው ያለው። ውኃው እየቀነሰ ከሆነ ግን ዳሩን ትቶ ወደ ጥልቁ ይሄዳል። በፍጥነት ከጨመረ፣ ቅጠልና ጭራሮ፣ የእንቦጭ ቁራጭም ይዞ ከመጣ፣ ዕቃህን ሰብስብና ውጣ።

ይህን የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ከወንጂ በታች አንድ የአሸዋ ክምር ላይ ቆሜ ነበር። አምባዛ ደጋግሞ እየነካካ ልቤን ወስዶታል። እንጨቱን ተክያለሁ፣ ግን ዞር ብዬ አላየሁትም። ቀና ስል ከእኔና ከዳሩ መካከል ውኃ ገብቷል። ስሻገር እስከ ወገቤ ደረሰ። ጎርፉ ጎተተኝ። የዛፍ ሥር ይዤ ወጣሁ። ቦርሳዬና ስልኬ ሄዱ። ለባለቤቴ ስልኬ ተሰረቀ ብዬ ነበር፣ ከሳምንት በኋላ እውነቱን ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ክረምት ላይ ደሴት የመሰለ ነገር ላይ አልቆምም። ልጅህንም አላቆመውም።

ወሩን ልንገርህ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ተወው። ዛሬ መስቀል ካለፈ አራተኛ ቀኑ ነው፣ ውኃው አሁንም ማኪያቶ ነው። ትናንት ወርጄ አይቼዋለሁ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ መጥራት ይጀምራል። እኔ የምመርጥልህ ኅዳር ሚካኤል ሲያልፍ ያሉትን ሁለት ሦስት ሳምንታት ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ውኃው ሻይ ሆኗል፣ ብርዱም ገና አልጠናም። ዓሣውም የክረምቱን ሲሳይ በልቶ ወፍሮ ታገኘዋለህ። ሁለተኛው ጥሩ ጊዜ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ነው። ውኃው ይሞቃል፣ ዓሣውም በደንብ ይበላል። ግን ያ ጾም ነው። እኛ ጋ በጾም ዓሣ የሚበላው ብዙ ስለሆነ ዋጋው ይወደዳል፣ ወንዙ ዳርም ሰው ይበዛል። ልጅ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው ጸጥታ ይሻላል።

ሰዓቱ ላይ ሁሉም ሰው «ማለዳ ነው» ይልሃል። ደብተሬ እንደዚያ አይልም። ሙቀቱ በሚበረታበት በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት እውነት ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት እስኪመሽ። ቀትር ላይ ውኃው ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። ዓሣው ጥልቁ ውስጥ ወይም ጥላ ሥር ገብቶ ይተኛል። ትል አፉ ላይ ብታደርግለት እንኳ አይነቃም።

ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን ተቃራኒው ነው። የአዳማ የንጋት ብርድ እንዴት እንደሚያንዘፈዝፍ ታውቃለህ። ቆሮሶ የሞቀ ውኃ ዓሣ ነው። ሲበርደው የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል። የታኅሣሥ ገጾቼን ብታይ ከ3 ሰዓት በፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው፣ በየገጹ። እኔ ሞኙ ሁለት ዓመት ሙሉ በጨለማ እየተነሳሁ በብርድ ስንቀጠቀጥ ከርሜ ነው የገባኝ። አሁን ቁርሴን በልቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ነው የምወጣው። ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት፣ ፀሐይ ያረፈበትን ዝቅተኛ ውኃ ፈልጌ እቀመጣለሁ። አንተ ኅዳር ላይ ስለምትመጣ መካከሉን እንይዛለን። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ብንወጣ ይበቃል። ልጁም ይተኛበት።

ነፋሱን ከቤቴ በር ላይ ሆኜ ነው የማየው። ከተማው ዳር ኮረብታው ላይ መጀመሪያ የተተከሉትን 34 የነፋስ ተርባይኖች ታውቃቸዋለህ። ክንፎቻቸው በዝግታ ከዞሩ ዘንጌን አነሳለሁ። በኃይል ከዞሩ ወንዙ ዳር ገመዱ እየተወዛወዘ ዓሣው ነካ አልነካ መለየት አይቻልም። በጋ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ጠዋቱን እመርጣለሁ። ትንሽ ነፋስ ግን አይከፋም። ውኃውን ያሻክረዋል፣ ዓሣው አያይህም።

ሌላው ደመና ነው። ሞቅ ብሎ ስስ ደመና የሸፈነው ቀን ካገኘህ ቀኑን ሙሉ ተቀመጥ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለው አንድ ሰዓትም ብዙ ጊዜ ጥሩ ሆኖልኛል። ነጎድጓድ ከሰማህ ግን ዘንጉን ጥለህ ከዛፉም ራቅ።

እግርም አለ። ዓሣ በጎኑ ላይ በተዘረጋው መስመር የውኃውን ንቅናቄ ይሰማል። ዳሩ ላይ ረግጠህ ከሮጥክ ሳታየው ሄዷል። ይህን ለልጁ ከአሁኑ ንገረው። ቤት ውስጥ በእግር ጣቱ መራመድ ይለማመድ።

አምባዛ በብዛት የሚንቀሳቀሰው ሌሊት ነው፣ በተለይ ጨረቃ በሌለችበት። ጋሼ ፋኖስ ይዘው ይወርዱ ነበር። እኔ ግን ትቼዋለሁ። አዋሽ ውስጥ አዞም ጉማሬም አለ። ጀምበር ሳትጠልቅ ዕቃዬን ሰብስቤ መንገድ ላይ ነኝ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም አልነገርኩትም። ግንቦት ላይ አንዲት ቆሮሶ ያዝኩ። መዳፌን ትሞላለች። መንጠቆውን ላወጣ አፏን ስከፍት ጥቃቅን ነገሮች መዳፌ ላይ ፈሰሱ። አሸዋ መሰለኝ። ትኩር ብዬ ሳይ ዓይን አላቸው። ልጆቿ ናቸው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው። ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። እጄን ውኃ ውስጥ ከትቼ ቀስ ብዬ ለቀቅኳቸው። እሷንም ለቀቅኳት። ጋሼ በዚያ ወቅት አንዳንዷን ዓሣ አይተው ሲመልሷት እኛ እንዴት እንደምንናደድ ትዝ አለኝ። ምክንያቱን አልነገሩንም ነበር። ከእንግዲህ ግንቦት ሲገባ የቆሮሶን መንጠቆ እሰቅለዋለሁ።

ዕቃ ይዘህ አትምጣ። ገመድ፣ መንጠቆ፣ ገመዱን የሚያሰምጥ እርሳስ፣ የቡሽ ተንሳፋፊ ሁሉም አለኝ። ትሉን ጓሮዬ ውስጥ እርጥብ ጆንያ ሥር አረባዋለሁ፣ ቀዩን ዓይነት። የዳቦ ሊጥም አዘጋጃለሁ፣ ልጁ ትል መንካት ከቀፈፈው።

የአባትህ የሸምበቆ ዘንግም እኔ ጋ ነው። ወደ ሐዋሳ ስትሄዱ «እስክመለስ ያዝልኝ» ብለው የሰጡኝ። በዓመት አንዴ ዘይት እቀባዋለሁ። መያዣው ላይ የጠመጠሙት ጨርቅ ራሱ ነው፣ አልቀየርኩትም። ለልጁ ትንሽ ይረዝምበታል፣ ግን ከኋላው ቆመህ ብትይዝለት ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ላክልኝ። ወንጂ አካባቢ ቦዮቹ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። እኛ ሳናውቅ ስንዋኝበት አድገናል፣ እሱ ግን እግሩን ውኃ ውስጥ እንዲከት አልፈልግም። ቦት ጫማ ልገዛለት ነው። የእግሩን ቁጥር ጻፍልኝ።

ወንድምህ
ከአዳማ